አሥራ ዘጠነኛው ትንፋሽ

ማክሰኞ ጠዋት ከድጃ የዋንዛ ክፍልን ቁጥር ሦስት ጊዜ አነበበች። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው፤ አሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር አሥራ ሰባት ልጆችና አንድ መምህር ይላል። አየሩ ደግሞ ሌላ ሰው አለ ይላል።

ከድጃ ወረቀትና አየር ሲለያዩ አየሩን ማመን የለመደች ሴት ናት። በኮምቦልቻ፣ በወንዝ ማዶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአየር ተቆጣጣሪ ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ልጆቹ «እትዬ ቆጣሪ» ይሏታል። ቆጣሪ የሚባለው በየክፍሉ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው፣ ከጡብ የማይበልጥ ነጭ ሣጥን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እየተነፈሰ እንደሆነ ከአየሩ ያውቃል። እሷ ሣጥኑ ያሳያትን ቁጥር በእርሳስ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ማንም አላዘዛትም። በገዛ እጇ ያልጻፈችው ቁጥር ስለማይጥማት ብቻ ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት፣ ወሩ መጋቢት ነው። ደረቁ ሳል ከተነሳ አርባ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ለስድስት ዓመት ተዘጉ። ዳግመኛ እንዳይዘጉ ሲባል ሕጉ ወጣ፦ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። ሕጉ ሠርቷል። ሳሉ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ መልኩን ለውጦ ይመጣል፤ የትምህርት ቤት በር ግን ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

ጠዋት ልጆቹ በየክፍላቸው ተሰልፈው፣ ግቢው ሲሚንቶ ላይ በቀለም በተሣለው የእግር ምልክት ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ኩባያ አለው። በየተራ ምራቃቸውን ይተፉበታል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ኩባያው ንጹሕ ነው ከተባለ በሩ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል። የአንዱ ክፍል ልጅ የሌላውን ክፍል ልጅ ስም አያውቅም። ወንድምና እህት እንኳን ክፍላቸው ከተለያየ በተለያየ በር ገብተው በተለያየ በር ይወጣሉ። ማታ ግን አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ይህን ሕጉ አላየውም።

ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ነው። መምህሩ በሹክሹክታ ያስተምራል፤ ልጆቹም በሹክሹክታ ይመልሳሉ። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ሱቅ ሲላክ ባለሱቁ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «ተማሪ ነሽ መሰል» ይላል። ትምህርት ቤት ያላገኙት ልጆች ከሩቅ ይታወቃሉ፤ ይጮኻሉ።

የሳምንቱ አማካይ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከድጃ ጣቷን ስታሳርፍበት ወደ ወረዳ ይሄዳል። ልጅ ሮጦ ሲገባ አብዝቶ ይተነፍሳልና እስከ አሥራ ስምንት ተኩል ድረስ ወረዳው አይናገርም። ከዚያ ካለፈ ክፍሉ ይታሸጋል፤ ልጆቹ እስከሚቀጥለው መስከረም ቤታቸው ተቀምጠው ግድግዳ ላይ ከሚታይ መምህር ይማራሉ። ይህ ምን እንደሚመስል ከድጃ ታውቃለች። የዝጉ ዘመን ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ሲሞላት ተዘጋ፤ ሲከፈት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት፣ በጎን ተቀምጣ ነው።

ሕጉንም ግን በክፉ አታየውም። ሣጥኑ ላይ «ማስተካከያ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እንግዳ ሲገባ ወይም ከሰል ሲጨስ የሚነካ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ሩቅ ከተማ አንድ ተቆጣጣሪ ለዘመድ ልጆች ብሎ፣ በዚያ ቁልፍ ሁለት ትንፋሽ ቀንሶ ለሁለት ሳምንት ላከ። አሥራ አንድ ልጆች ታመሙ። አንዷ አልዳነችም። የልጅቷ አባት የኮምቦልቻ ሰው ስለነበር ከድጃ ለቅሶ ደርሳለች። የልጅቷን ስም፣ መርየማዊት የሚለውን፣ በየዓመቱ አዲስ ደብተር ስትጀምር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትጽፈዋለች። ቁልፉን ነክታው አታውቅም።

አሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ መጀመሪያ የታየው ባለፈው ሐሙስ ነው። ከድጃ መስኮቱን ጠረጠረች፤ መስኮቱ ደህና ነበር። ዓርብ የአየር ማስወጫውን በመሰላል ወጥታ አየች፤ የወፍ ጎጆ እንኳን የለበትም። የዚያን ሳምንት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ልክ ስለነበሩ አማካዩ ከመስመሩ ሳያልፍ ሄደ። ሰኞ ሣጥኑን ከግራር ክፍል ሣጥን ጋር ቀያየረችው፤ የግራር ሣጥንም ዋንዛ ክፍል ሲገባ ያንኑ ተናገረ። የቀረው ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ በረንዳው ላይ ቆማ በመስኮቱ ተመለከተች።

ልጆቹ የአራተኛ ክፍል ናቸው። መምህሩ አቶ አበጋዝ ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ስለ ክፍልፋይ ያንሾካሹካሉ። ከድጃ በመጀመሪያ ምንም አላየችም። ቆይታ አንድ ድንጋይ አየች። የእንቁላል ያህል የምትሆን የወንዝ ድንጋይ ከዴስክ ወደ ዴስክ ትሄዳለች። ድንጋይዋ የደረሰችው ልጅ አፉን ይገጥማል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ ዓይኑን አፍጥጦ በጣቱ ጭኑ ላይ ይቆጥራል፤ ሠላሳ ሲሞላ ለጎረቤቱ ያቀብላል። አንድም ልጅ አልዘለለም፤ አንድም ልጅ አልሳቀም።

በሩን ከፍታ ገባች። አቶ አበጋዝ ጠመኔያቸውን ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ። ልጆቹ ሁሉ እኩል እሷን ተመለከቱ፤ አንዱም ወደ ጥጉ፣ ትልቁ የካርታ ሰሌዳ ወደቆመበት አልዞረም። ልጆች ነገር ሲደብቁ የተደበቀውን ላለማየት ይጠነቀቃሉ፤ ከድጃ ስለዚህ ወደ ጥጉ አየች። ከካርታው ሥር የተደፋ ቢጫ ጀሪካንና ሁለት ትናንሽ ጫማዎች ይታያሉ።

ድንጋይዋ የክፍሉ አለቃ ኑርሁሴን እጅ ላይ ነበረች። ጉንጩ ተነፍቶ ጆሮው ሊፈነዳ ደርሷል።

«ተንፍስ እንጂ» አለችው። «ምንድን ነው የያዝከው?»

«ወንፈል ነው፣ እትዬ» አለ፣ ትንፋሹን ለቅቆ።

በሹክሹክታ አስረዳት። በኅብረተሰብ ትምህርት ተምረውታል፤ ገበሬዎች ዛሬ አንዱ ማሳ ላይ፣ ነገ ሌላው ማሳ ላይ ተያይዘው ይውላሉ። እነሱም ትንፋሻቸውን እየተያያዙ ነው። ድንጋይ የያዘ አይተነፍስም፤ ስለዚህ በማንኛውም ደቂቃ የሚተነፍሱት አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው። ባለፈው ዓርብ ወረዳው ዝም ሲል እንደሠራ አወቁ።

ከድጃ ሂሳቡን በልቧ ሄደችበት። ልክ ነው። የተሳሳተው አካል ላይ ነው፤ የተያዘ ትንፋሽ አይጠፋም፣ ሲለቀቅ የቀረውን ይዞ ይወጣል። ይህን አሁን አልነገረችውም።

«ወንፈል ማሳ አለው» አለች። «የማን ማሳ ነው?»

ኑርሁሴን ዴስኩን አየ። ከካርታው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሹክሹክታ ያልለመደ፣ ትንሽ ጮክ ያለ ድምፅ።

«የኔ» አለ።

ልጅቷ ወጣች። ስንዱ ትባላለች፤ አሥር ዓመቷ ነው። ከድጃ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ኩባያው ነበር። መልሱን ኑርሁሴን ቀማት፤ አንድ ቀን ሳትተፋ አልገባችም፣ እንዲያውም ከሁሉ ቀድማ የምትተፋው እሷ ናት፣ ሳትተፋ ከገባች ራሴ እከሳችኋለሁ ብለው ቲቸር አስጠንቅቀዋል አለ። ከድጃ ይህን በደብተሯ ጻፈች። ከቆጣሪው ደብቀዋታል፤ ከምርመራው ግን አልደበቋትም።

ምሳ ሰዓት ላይ አቶ አበጋዝና ከድጃ በረንዳው ላይ፣ ሕጉ በሚያዘው ሁለት ሜትር ተራርቀው ተቀመጡ። ትምህርት ቤት ዳግም በተከፈተ ጊዜ እሷን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው፤ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበሩ። ድምፃቸው ያን ጊዜ ከግቢው ያልፍ ነበር። የሹክሹክታው ደንብ በማግሥቱ ዓመት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ በማንሾካሾክ ብዛት ጉሮሯቸው ሻክሯል።

ታሪኩን ነገሯት። ስንዱና እናቷ በጥቅምት ጎርፍ ቤታቸውን ወስዶባቸው ከአሳይታ የመጡ ናቸው። የቦታ ዕጣ የሚወጣው በነሐሴ ስለሆነ ስሟ ተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ገባ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ። ልጅቷ ግን ከቤት አልቆየችም። በየቀኑ አጥሩ ሥር እየመጣች፣ ደብተር ይዛ ትቆማለች። ከውጭ ሆና ለመማር ነበር አሳቧ። ከሹክሹክታ ምን ይሰማል? አምስት ወር ቆማ አንዲት ቃል አልሰማችም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አቶ አበጋዝ በሩን ከፍተው «ግቢ» አሏት። ሌላ ያደረጉት ነገር የለም።

«ከእሷ በፊት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ልጆች አሉ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አጥሩ ሥር ያየኋት ግን እሷን ነው።»

አቶ አበጋዝ ቀጠሉ። «ተራ ጠብቂ በያት ትይኛለሽ። ቦታ የሚለቀቀው አንድም ሰው አገር ሲለቅ፣ አንድም ልጅ ሲሞት ነው። ልጆቼን እያየሁ ያንን ልጠብቅ?»

ከዚያ የፈራችውን ጠየቋት። ለዚህ ሳምንት ብቻ ማስተካከያውን እንድትነካው፣ አንድ ትንፋሽ እንድትቀንስ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መላ ይፈልጋሉ።

«መርየማዊትም የተቀበረችው ለዚህ ሳምንት ብቻ ተብሎ ነው» አለች ከድጃ። «አላደርገውም፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። እንግዲያውስ እኔን ክሰሺ፣ ልጆቹ እንዳይታሸግባቸው አድርጊ አሏት። ከድጃ ሣጥኑ መምህርን ከሶ ክፍልን የሚያድንበት መንገድ እንደሌለው ነገረቻቸው። ቁጥሩ ራሱ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ራሱ ያሽጋል። ልጅቷን ዛሬውኑ ማስወጣት ብቻ ነው የቀረው። ሁለቱም ይህን ጮክ ብለው አላሉትም።

ከሰዓት በኋላ ከድጃ ቢሮዋ ገብታ የሕጉን ሠላሳ አንድ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። በሥራ ዘመኗ አምስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ያነበበችው ግን የሚከለከለውን ለማወቅ ነበር። አሁን ያልተከለከለውን ፈለገች። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆመች። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግማ ቆመች። ከዚያ እርሳሷን አንስታ ደመረች። የሰኞና የማክሰኞ አሥራ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ፣ የቀሩት ሦስት ቀናት ደግሞ ያሰበችው ቁጥር። ለአምስት አካፈለችው። ውጤቱን አይታ እንደገና አካፈለችው።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ አበጋዝን ሰሌዳ ሲያጠፉ አገኘቻቸው። ልጆቹ ሄደዋል።

«ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሕጉ በክፍሉ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ይላል» አለች። «ተማሪ አይልም፤ መምህርም አይልም።»

«እና?»

«አሥራ ዘጠነኛው እርስዎ ነዎት።»

አቶ አበጋዝ የሰሌዳ ማጥፊያውን እንደያዙ ዴስክ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሃያ ሁለተኛውን ገጽ አነበበችላቸው። መምህር ተማሪዎቹን ሁሉ ከሚያይበት ቦታ አይርቅም ይላል፤ ስለ ግድግዳ የሚለው ነገር የለም። በረንዳው ላይ፣ መስኮቱ ፊት ቢቆሙ ያያሉ፤ ይታያሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚቀሩት አሥራ ስምንት ልጆች ብቻ ናቸው። የአዋቂ ትንፋሽ ደግሞ ከልጅ ትንፋሽ ይከብዳል፤ እሳቸው ሲወጡ የሚቀነሰው አንድ ተኩል ነው። ቁጥሩ ወደ አሥራ ሰባት ነጥብ አራት ይወርዳል። የሳምንቱ አማካይ ድፍን አሥራ ስምንት ይመጣል። የሚጠፋ ቁጥር የለም፤ የሚደበቅ ልጅም አይኖርም። የስንዱን ስም በሩ ላይ ትለጥፋለች፣ ለወረዳውም ትጽፋለች። ወረዳው ተራዋ አይደለም ብሎ ቢያስወጣት ያ የወረዳው ጉዳይ ነው፤ አየሩ ግን አያስወጣትም።

«በልጉስ?» አሉ አቶ አበጋዝ። ደመናው በመስኮቱ ይታይ ነበር።

«ጥላ ይያዛሉ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ከክፍል ያስወጣኝ ተማሪ የለም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«ጉልበቴ ዴስክ ሥር አልገባ ሲል ያስቀመጡኝስ የት ነበር?» አለች። «በሩ አጠገብ አይደል? የልጅነቴን መለስኩልዎ።»

ረቡዕ ጠዋት አረንጓዴው ጨርቅ ታሰረ። ዴስኮቹ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ ስንዱ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛውን ልጆቹ ወደ መስኮቱ አዞሩላት። ትንሹን ሰሌዳ አውጥተው የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። አቶ አበጋዝ ጥላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መስኮቱ ፊት ቆሙና እንደ ልማዳቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

ኑርሁሴን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አይሰማም።»

ትንሽ ከፍ አደረጉት። አሁንም አይሰማም። ከድጃን ዞር ብለው አዩዋት።

«ውጭ ነዎት» አለች። «ውጭ ይፈቀዳል።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳል ስለመሰላቸው ፊት ዴስክ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ አቶ አበጋዝ በሙሉ ድምፃቸው «ቦርከና የሚፈሰው ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ ደነገጡ። አንዷ ጆሮዋን ያዘች። መምህራቸው እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አያውቁም ነበር። ድምፁ ሻካራ ነው፤ መሃል ላይም ይሰነጠቃል። ከድጃ ግን አወቀችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት የሰማችው ድምፅ ነው።

እጅ ያወጣ አንድ ሰው ነበር።

«ወደ አዋሽ» አለች ስንዱ። «አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። እኛ አገር ይቀራል።»

ከድጃ ሣጥኑን አየች። አሥራ ሰባት ነጥብ አራት።

ሐሙስ ዘነበ። አቶ አበጋዝ ጥላ ይዘው አስተማሩ፤ ጠመኔው ረጠበ፣ ሰሌዳው ላይ አልጽፍ አለ፣ ስለዚህ የቀረውን በቃል አስኬዱት። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከድጃ ከአማካዩ ሥር በክፍሉ ያሉት አሥራ ስምንት ልጆች መሆናቸውን፣ መምህሩ በረንዳ ላይ እንደሚያስተምሩ፣ አሥራ ስምንተኛዋ ልጅ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ያለ ተራዋ እንደገባች፣ ሳትመዘገብ አራት ቀን እንደተማረች፣ ያስገቧትም መምህሩ እንደሆኑና እሳቸውም እንዲጻፍ እንደተስማሙ ጻፈች። ጣቷን አሳረፈች። ቁጥሩ ድፍን አሥራ ስምንት ነበር። ሣጥኑ አረንጓዴ አበራ።

የወረዳው መልስ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። ልጅቷ እስከ ሰኔ ባለችበት ትቆይ፣ መምህሩ ሰኞ ቀርበው ያስረዱ ይላል። ሁለተኛው መስመር ጥያቄ ነበር፦ የሌሎቹ አሥራ ሦስት ክፍሎች መስኮት የሚከፈተው ወደ በረንዳ ነው?

መልሱን ልታነብላቸው ወደ ዋንዛ ክፍል ስትሄድ ድንጋይዋ አሁንም እየዞረች ነበር። ኑርሁሴንን ወደ መስኮቱ ጠርታ እውነቱን ነገረችው። የተያዘ ትንፋሽ እንደማይጠፋ፣ ድንጋይዋ ስትዞር ቁጥሩ አንድ ነጥብ እንኳን እንዳልወረደ። ልጁ አሰበበት።

«ታዲያ ባለፈው ዓርብ ማን አዳነን?»

«ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ» አለች። «ስንዱ ያልነበረችባቸው ቀናት።»

ደስ አላለውም። ድንጋይዋን እጁ ላይ አገላበጣት። ሊጥላት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አቶ አበጋዝ ፊት አስቀመጣት።

«እንግዲያው ተራው የርስዎ ነው፣ ቲቸር» አለ። «እስከ ሰኔ።»

አቶ አበጋዝ ድንጋይዋን አንስተው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ትምህርቱን ካቆሙበት ቀጠሉ። ድምፃቸው በሦስት ቀን ውስጥ ተፍታቷል፤ በረንዳውን አልፎ፣ ግቢውን አልፎ ይሄዳል። ከድጃ የሚሄድበትን በዓይኗ ስትከተል አጥሩን አየች።

ከአጥሩ ማዶ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ደብተር ይዟል፣ አንዳንዱ ካርቶን ቀዶ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ማንም ሳያዛቸው ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀዋል፤ በዚህ ዘመን የተወለደ ልጅ እንዲያ ነው የሚቀመጠው። አቶ አበጋዝ አዋሽ ሲሉ ከማዶ አንዱ እየጮኸ አዋሽ ይላል።

ለዚያ የሚሆን ሣጥን የለም። ከድጃ ደብተሯን ከፍታ አዲስ ገጽ ላይ፣ በጣቷ አንድ በአንድ እየቆጠረች፣ ሃያ ሦስት ብላ ጻፈች።